ከክንድ ወጥቶ ቁርጭምጭሚት ላይ የገባው "ቅያሪ"፤ ቆዳችን ሲቆስል እንዴት ይድናል?

የቀድሞው የአርሰናል አማካይ ሳንቲ ካዞርላ በግራ ክንዱ ላይ የሴት ልጁን ስም "ኢንዲያ" ብሎ ተነቅሶ ነበር። ያንን ስም ሙሉውን ማንበብ የሚፈልግ ሰው ግን አሁን ክንዱንም ቀኝ ቁርጭምጭሚቱንም ማየት ሊኖርበት ነው። የንቅሳቱ ከፊሉ ክንዱ ላይ ቀርቷል፤ ከፊሉ ደግሞ ከነቆዳው ተነስቶ እግሩ ላይ ተተክሏል። የስፔኑ ጋዜጣ ማርካ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የእግሩን ፎቶ የፊት ገጹ ላይ ይዞ ሲወጣ፣ "እውነት ይሄ የኳስ ተጫዋች እግር ነው?" ያሰኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካዞርላ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 አርሰናል በቻምፒየንስ ሊግ የቡልጋሪያውን ሉዶጎሬትስ ባሸነፈበት ጨዋታ እግሩን አሞት ወጣ። ከዚያ በኋላ ለአርሰናል አንድም የነጥብ ጨዋታ ሳያደርግ ቀረ። ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ቁስሉ ግን አልገጥም አለ። ይሰፋል፣ ትንሽ ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይከፈታል። እንደገና ይሰፋል፣ እንደገና ይከፈታል። ለካስ ባክቴሪያ ገብቶበት ኖሯል። እንግሊዝ ውስጥ ያዩት ሐኪሞች ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻለ በዚያው ደስ ሊለው እንደሚገባ ነግረውት ነበር። በመጨረሻ ስፔን ቪቶሪያ ከተማ የሚሠራው ሐኪም ሚኬል ሳንቼዝ ቁስሉን ከፍቶ ሲያይ፣ የተረከዙ ጅማት (አኪለስ የሚባለው) 8 ሴንቲ ሜትር ያህሉ በባክቴሪያው ተበልቶ አገኘው።

እኛ ኳስ ወዳዶች የተጫዋች ጉዳት ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ጉልበት፣ ጅማት ወይም አጥንት ነው። "ቆዳው ተላጠ" ሲባል ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ወጌሻው ስፕሬዩን ነፋ ነፋ አድርጎለት፣ "ተነስ አንተ!" ተብሎ ጨዋታው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ የካዞርላ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ያልገጠመ ቁስል የአንድን ኮከብ እግር እስከማሳጣት ሊደርስ እንደሚችል ነው። ለመሆኑ ይሄ በየጨዋታው የሚላጠው፣ የሚሰነጠቀውና የሚሰፋው ቆዳችን ምን ይመስላል? እንዴትስ ራሱን ይጠግናል?

አሰላለፉ

ቆዳ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ በስፋቱ ትልቁ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በኳስ ቋንቋ እንናገር ከተባለ ሦስት መስመር ያለው ቡድን ነው።

የፊት መስመሩ የላይኛው ሽፋን ነው። በጣም ስስ ነው፤ የዓይን ሽፋን ላይ የሚሊ ሜትር ሃያኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚህ ሽፋን ላይ የደም ሥር የለም። ከታች በኩል አዳዲስ ሴሎች እየተወለዱ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ላይ ሲደርሱ ሞተው፣ ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ነገር ተሞልተው እንደ ጡብ ይደረደራሉ፤ ከዚያም እየተፋቁ ይወድቃሉ። አንድ ሴል ከታች ተወልዶ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። ቀለማችንን የሚሰጠው ሜላኒንም የሚሠራው እዚሁ ሽፋን ግርጌ ላይ ነው።

ይህ ሽፋን በተደጋጋሚ ሲፈተግ ይወፍራል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960)፣ ልክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 ጨርሶ ወርቁን ሲወስድ፣ ከሳንባውና ከልቡ ሌላ የረዳው ይሄው የውስጥ እግር ቆዳ ነው። በባዶ እግሩ የለመደ ሰው ውስጥ እግሩ ላይ ራሱ የሠራው ሶል አለው። ያልለመደው ሰው ያንን ቢሞክር ገና ብዙ ሳይሄድ እግሩ ውሃ ይቋጥራል። ውሃ መቋጠር ማለት ደግሞ ሌላ ሳይሆን ፍትጊያው የላይኛውን ሽፋን እርስ በርሱ ሲያላቅቀው በመሀል ፈሳሽ ሲገባ ነው።

ሁለተኛው መስመር መሀል ሜዳው ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚህ ነው። የደም ሥሮቹ፣ ሕመምና ሙቀት የሚሰማን ነርቮች፣ የፀጉር ሥሮች፣ የላብ ዕጢዎች ያሉት በዚህ ሽፋን ውስጥ ነው። የላብ ዕጢዎቹ ብቻ ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ እነሱ ባይኖሩ 90 ደቂቃ መሮጥ ቀርቶ 15 ደቂቃም በፈተነን ነበር። ይህን ሽፋን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል እንደ ገመድ የተጠላለፈ ፕሮቲን ነው። የከብት ቆዳ ተለፍቶ ጫማና ኳስ ሲሆን፣ እጃችን ላይ ያለው ነገር በአብዛኛው ይሄው ኮላጅን ነው።

ንቅሳትም የሚቀመጠው በዚሁ በሁለተኛው ሽፋን ነው። የላይኛው በየወሩ እየረገፈ ንቅሳት ለምን አይጠፋም የሚል ጥያቄ ካለ መልሱ ይኸው። መርፌው ቀለሙን እታች ያደርሰዋል፤ እዚያ ያሉ ጠራጊ ሴሎች ይውጡታል፤ እነሱ ሲሞቱ ተተኪዎቻቸው ያንኑ ቀለም መልሰው ይውጡታል። የካዞርላ ልጅ ስም ከክንድ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲዛወር ሳይደበዝዝ የሄደው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የኋላ መስመር ነው፤ ስቡ። ምት ሲያርፍብን ያበርዳል፣ ሙቀት ይይዛል። ይህ ስብ በብዛት የሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ቅንድብና ቅልጥም፣ ቆዳው አጥንት ላይ ነው ያለው ማለት ይቻላል። እናም ሲመታ በሁለት ጠንካራ ነገር መሀል ተይዞ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003 ማንቸስተር ዩናይትድ በኤፍኤ ካፕ በአርሰናል 2ለ0 ከተሸነፈ በኋላ፣ የተናደዱት ሰር አሌክስ ፈርጉሰን መልበሻ ክፍል ውስጥ የጠለዙት ታኬታ ሄዶ ያረፈው የዴቪድ ቤካም ግራ ቅንድብ ላይ ነበር። ታኬታው ጭኑ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ቢበልዝ ነው። ቅንድቡ ላይ ስላረፈ ግን ተሰነጠቀና ተሰፋ፤ ቤካም ከዚያ በኋላ ፀጉሩን ወደ ኋላ አስይዞ ቁስሉን ለዓለም ሁሉ አሳየ። በዚያው ክረምት ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ።

ጨዋታው በአራት ምዕራፍ

ቆዳ ሲቆረጥ የሚሆነውን ነገር ሐኪሞች በአራት ምዕራፍ ይከፍሉታል።

የመጀመሪያው ደም ማቆም ነው። የተቆረጠው የደም ሥር ራሱን ይጨብጣል። ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቀዳዳው ላይ ተጣብቀው ይደፍኑታል፤ በላያቸው ፋይብሪን የተባለ ክር እንደ ጎል መረብ ይጠለፍባቸዋል። ትንሽ ቁስል ከሆነ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል። ደርቆ የምናየው ቅርፊትም የዚህ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ጽዳት ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጭ የደም ሴሎች ተሯሩጠው ይመጡና ባክቴሪያ ይበላሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ማክሮፌጅ የሚባሉት ትልልቆቹ ደርሰው የሞተውን ሥጋ፣ ቆሻሻውን፣ የቀደሙትን ሴሎች ሬሳ ሳይቀር ይጠርጋሉ። ቁስል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያብጠው፣ የሚሞቀውና የሚጠዘጥዘው በዚህ ምክንያት ነው። ካዞርላ የተሸነፈው እዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። ባክቴሪያው ከጠራጊዎቹ በለጠ፤ ጽዳቱ ሳያልቅ ግንባታው ሊጀመር አልቻለም። ከላይ ምን ቢሰፋ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ሦስተኛው ግንባታ ነው። ከሦስተኛና ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አዳዲስ ሴሎች ኮላጅን መሥራት ይጀምራሉ፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። ቅርፊት ሲነሳ ከሥሩ የሚታየው ቀይ፣ ፍሬ ፍሬ የሚመስል፣ ነካ ሲያደርጉት የሚደማ ሥጋ ይሄ ነው። ከላይ ደግሞ የቆዳው ሴሎች ከቁስሉ ዳርና ዳር ተነስተው ወደ መሀል ይጓዛሉ። ቁስሉ ጥልቅ ካልሆነ በየፀጉሩ ሥርና በየላብ ዕጢው ውስጥ የተረፉ ሴሎችም ከመሀል እየወጡ ያግዛሉ። ሜዳ ላይ የተላጠ ጉልበት ሰፊ ሆኖም ቶሎ የሚሽረው፣ በታኬታ የተቀደደ ቅልጥም ግን የሚቆየው ለዚህ ነው። የተላጠው ጉልበት ሥሩ አልተነካም።

አራተኛው ማጠናከር ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። ቁስሉ ገጠመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። በአንድ ሳምንት ጊዜ የገጠመው ቦታ ጥንካሬ ከጤነኛው ቆዳ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። በሦስተኛው ሳምንት 20 በመቶ ገደማ ነው። በሦስት ወር 80 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ በቃ፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። በጥድፊያ የተሠራው ኮላጅን በጠንካራው እየተተካ እስኪያልቅ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስፌቱ በወጣ ማግስት ሸርተቴ የሚገባ ተጫዋች እንግዲህ የሚጫወተው በ5 እና በ10 በመቶ ቆዳ ነው።

የቡቸር ማሊያ

ቁስል ሲነሳ የቴሪ ቡቸርን ፎቶ የማያስታውስ የእንግሊዝ ኳስ ተከታታይ የለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1989 እንግሊዝ ለጣሊያን 90 የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ስቶክሆልም ላይ ከስዊድን ጋር ስትጫወት፣ የዕለቱ አምበል ቡቸር በአየር ኳስ ግጭት ግንባሩ ተሰነጠቀ። ተሰፋ፣ በፋሻ ተጠቀለለ፣ ተመልሶ ገባ። እሱ ተከላካይ ነው፤ ኳስ በመጣ ቁጥር በጭንቅላቱ ይመታል። በመታ ቁጥር ስፌቱ ይከፈታል። ጨዋታው 0ለ0 ሲያልቅ ነጩ ማሊያ ቀይ ሆኖ ነበር። እንግሊዝ አልፋ በዓለም ዋንጫው እስከ ግማሽ ፍፃሜ ሄደች።

ጭንቅላት እንደዚያ የሚደማው የደም ሥር ስለሚበዛበት ነው። ያው ብዛቱ ግን ይጠቅማል፤ ምግብና ኦክስጅን በብዛት ስለሚደርሰው ቶሎ ይድናል። የፊት ስፌት በአምስት ቀን ገደማ ሲወጣ፣ የእግር ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን የሚቆየው ለዚህ ነው።

ዛሬ ቢሆን ቡቸር በዚያ ሁኔታ አይጫወትም። አሁን ባለው ሕግ ዳኛው የሚደማ ተጫዋችን ከሜዳ ማስወጣት አለበት። ተጫዋቹ የሚመለሰው ደሙ መቆሙና ማሊያው ላይ ደም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በዳኛው ምልክት ብቻ ነው። በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ጉዳይ ጀግንነቱን አስቀርቶታል፤ ደግሞም ትክክል ነው።

ጠባሳ የማያፍሩበት

ቁስሉ ከሁለተኛው ሽፋን አልፎ ከገባ ጠባሳ መቅረቱ አይቀርም። የጤነኛ ቆዳ ኮላጅን እንደ ጨርቅ ተጠላልፎ የተሠራ ሲሆን፣ የጠባሳው ግን በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ ነው። ፀጉርም የላብ ዕጢም አያበቅልም።

ፍራንክ ሪቤሪ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በደረሰበት የመኪና አደጋ ፊቱ ላይ ከ100 በላይ ስፌት ተሰፍቷል። ያ ፊት እ.ኤ.አ. በ2013 ከባየር ሙኒክ ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አንስቷል። ካርሎስ ቴቬዝ ደግሞ ገና የ10 ወር ሕፃን ሳለ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት ለሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኝቷል፤ ከጆሮው ሥር እስከ ደረቱ የሚታየው ጠባሳ ያኔ የቀረ ነው። ክለቡ ቦካ ጁኒየርስ ላሠራልህ ሲለው "አልፈልግም" አለ።

ወደ እኛ ስንመጣ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን አልፎ እየገፋ የሚያብጥበት ኬሎይድ የሚባለው ችግር ይበዛል። ይህን አሳክኮኛል ብሎ ማስቆረጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ይመልሰዋል፤ የቆዳ ሐኪም ማየት ይሻላል።

ሰው ሰራሽ ሳርና የጋራ ፎጣ

በዚህ ዘመን አዲስ አበባም ውስጥ ሰው ሰራሽ ሳር የለበሱ ሜዳዎች በዝተዋል። ጭቃና አቧራ ቀረ ብለን ተደስተናል፤ ነገር ግን ሸርተቴ የገባ ሰው እንደሚያውቀው ያ ሳር ሲፈትግ ያቃጥላል። ፍትጊያውም ሙቀቱም ተደምረው የላይኛውን ሽፋን ጠርገው ይወስዱታል።

በአሜሪካ የሆነው ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የውድድር ዘመን በሴንት ሉዊስ ራምስ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ፣ የተለመደው አንቲባዮቲክ የማይበግረው ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ከ58 ተጫዋቾች አምስቱን ያዘ። በአምስቱ ላይ ስምንት ጊዜ ኢንፌክሽን ተከስቷል፤ ስምንቱም የተነሱት ሰው ሰራሹ ሳር ከላጠው ቦታ ላይ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሲያጣሩ ተጫዋቾቹ ፎጣ ይዋዋሱ ነበር፣ የጋራ ገንዳ ይገቡ ነበር። አንዱ ፎጣ ስንቱን ትከሻ እንደሚዞር የሰፈር ቡድን ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ካዞርላ እንዴት ተመለሰ?

ቆዳ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሲተከል በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው፣ ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እንደ ስፖንጅ እየመጠጠ ይቆያል። ከዚያ የሥሩ የደም ሥሮች ወደ እሱ ያድጋሉ፤ በሳምንት ጊዜ ተጋጥመው ደም ይዘዋወራል። ስለዚህ መደቡ ደም ያለው መሆን አለበት። የተራቆተ ጅማት ላይ ስስ ቆዳ ብቻ ቢለጥፉበት አይዝም፤ እንዲህ ሲሆን ሐኪሞች ቆዳውን ከነደም ሥሩ የሚያዛውሩበት ዘዴ አለ። ከሌላ ሰው ቢወሰድ ደግሞ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያባርረዋል። ለዚህ ነው ቅያሪው ከራሱ ከተጎጂው መምጣት ያለበት።

ካዞርላ ከስምንት ጊዜ ያላነሰ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከሜዳ ርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከቪያሪያል ጋር ወደ ላሊጋ ተመለሰ። በጁን 2019 በ34 ዓመቱ ለስፔን ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በ2025 ደግሞ የልጅነት ክለቡን ሪያል ኦቪዬዶን ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ ከመለሱት ተጫዋቾች አንዱ ሆነ።

የእኛስ ሜዳ?

ካዞርላ ቪቶሪያ የሚሄድበት ገንዘብም ክለብም ነበረው። ጃንሜዳ ወይም ሰፈር ሜዳ ላይ የቆሰለ ልጅ ግን ያለው ነገር ውሃ፣ ሳሙናና የጓደኛ ምክር ነው። ምክሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ቡና መነስነስ አንዱ ነው። ደም ያቆማል ይባላል፤ ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ይቀርና ጠራጊዎቹን ተጨማሪ ሥራ ያበዛባቸዋል። ለደም ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ አሥር ደቂቃ ሳይነሱ አጥብቆ መጫን ይበቃል። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና መቀባትም እንደዚሁ ነው፤ ቃጠሎ የሚፈልገው ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አልኮል ቁስል ውስጥ ማፍሰስ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን አዲሶቹንም ሴሎች ይገድላል። ንጹሕ ውሃ በብዛት ማፍሰስ፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ማስለቀቅ ይሻላል።

"አየር ይንካው፣ ይድረቅ" የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ክፍት ሆኖ ከደረቀው በሁለት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ በቆዳ እንደሚሸፈን አሳይቷል። ቅርፊቱ ለሚጓዙት ሴሎች ግድግዳ ይሆንባቸዋል፤ ከሥሩ ለማለፍ ይቸገራሉ። ቅርፊት በጥፍር መላጥም ሆነ ውሃ የቋጠረን ቆዳ መገሽለጥ ደግሞ ጨዋታውን ከዜሮ ማስጀመር ነው።

ከሁሉም በላይ መንጋጋ ቆልፍ አይረሳ። ተህዋሲው አፈርና የከብት እዳሪ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሚስማር የወጋው፣ በታኬታ ጠልቆ የተቀደደ፣ አፈር የገባበት ቁስል ያለው ሰው የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ አምስት ዓመት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሄዶ መከተብ አለበት። ቁስሉ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየሻለው ከመሄድ ይልቅ እብጠቱ ከሰፋ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። መቅላቱን ጥቁር ቆዳ ላይ ማየት ስለሚያስቸግር በእጅ ዳስሶ ሙቀቱን ማወቅ ይሻላል።

ምግቡስ? ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም። ብርቱካን ውድ ነው የሚል ካለ ቃሪያና ጎመን አለ። ፕሮቲኑን ምስርና ሽሮውም ይሰጣል፤ እንቁላል ከተገኘ ጥሩ። ሲጋራ ግን የደም ሥሩን እየጨበጠ ግንባታውን ያዘገያል።

ለአሰልጣኞችና ለቡድን መሪዎች ደግሞ አንድ ቃል። የሰፈር ቡድን ለማሊያ ገንዘብ ሲያዋጣ ትንሽ ጨምሮ ፋሻ፣ ሳሙና፣ ጓንትና አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውሃ ሜዳው ዳር ቢያስቀምጥ ከባድ ወጪ አይደለም። የቆሰለውን ልጅም እሁድ ለዋንጫ ያስፈልገናል ብሎ ስፌቱ ሳይጠነክር ማስገባት ይቅር። ዋንጫው በየዓመቱ አለ፤ እግሩ ግን ሁለት ብቻ ነው።